ከርክክብ በኋላ የሚጀምረው ሥራ
(በባሕር ዳር ለሶፍትዌር ባለሙያዎች፣ ለመሥሪያ ቤት የአይቲ ኃላፊዎችና ለተማሪዎች የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች በጥቂቱ ብቻ ተስተካክሏል)

የተከበራችሁ የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች፣ ውድ የሙያ አጋሮቼ፣ ከባሕር ዳርና ከደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲዎች የመጣችሁ ተማሪዎች፣ እንደምን አረፈዳችሁ! በተለይ ከፍኖተ ሰላም፣ ከቢቸናና ከዳንግላ መንገዱን ችላችሁ ለመጣችሁት እኅቶቼና ወንድሞቼ ያለኝን አክብሮት አስቀድሜ መግለጽ እወዳለሁ።

ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ሁላችንም የምናውቀው፣ ነገር ግን ብዙዎቻችን ዘወትር የምናሳድረው ሥራ ነው፤ ይኸውም በፕሮጀክቶቻችን ውስጥ ያስገባናቸውን፣ ሌሎች ሰዎች የጻፏቸውን ፓኬጆች፣ ማለትም ዝግጁ የኮድ ክፍሎች፣ ወቅታዊ አድርጎ መያዝ ነው። ስድስት ነጥቦች አሉኝ። ሁሉም እኩል ጊዜ አይወስዱም፤ በሁለተኛው ላይ እቆያለሁ፣ አንዳንዶቹን ቶሎ አልፋቸዋለሁ።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። በቅርቡ ባስረከባችሁት ሥርዓት ውስጥ ስንት የውጭ ፓኬጅ አለ? በስም ጠርታችሁ ያስገባችኋቸውን ብቻ ማለቴ አይደለም፤ እነርሱ በተራቸው ጎትተው ያመጧቸውንም ጨምራችሁ ቁጠሩ። በጃቫስክሪፕት ቋንቋ በሚሠራ ፕሮጀክት ውስጥ ፓኬጆቹ የሚቀመጡበትን የ‹ኖድ ሞጁልስ› ማኅደር ከፍቶ የቆጠረ ሰው ከመካከላችን አለ? እናንተ ዐሥራ አምስት ፓኬጅ ብትጠሩ በማኅደሩ ውስጥ ብዙ መቶ ማግኘት የተለመደ ነው። እያንዳንዱ የሚጻፈው በሌላ ሰው ነው፤ እያንዳንዱም በራሱ ጊዜ ይለወጣል፣ በራሱ ጊዜ ይታመማል፣ በራሱ ጊዜ ይተዋል።

የመጀመሪያው ነጥቤ ኃላፊነትን ይመለከታል። ፓኬጁን የጻፈው ሌላ ሰው ቢሆንም ወደ ሥርዓታችን ያስገባነው እኛ ነን፤ ስለዚህ ተጠያቂዎቹ እኛ ነን። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2021 የሆነውን አስታውሱ። ሎግ-ፎር-ጄ የሚባል የጃቫ ፓኬጅ አለ፤ ሥራው ፕሮግራሙ የሚያከናውነውን ነገር እየተከታተለ መመዝገብ ነው። እስከ 2.14.1 ድረስ በነበሩት የሁለተኛው ትውልድ ስሪቶች ውስጥ ግን፣ ፓኬጁ እንዲመዘግበው በተሰጠው ጽሑፍ መካከል በልዩ ምልክት የተጻፈ አድራሻ ካገኘ፣ ጽሑፉን እንዳለ መመዝገቡን ትቶ ወደ አድራሻው ሄዶ እዚያ የተቀመጠለትን ፕሮግራም አምጥቶ ሊያስኬድ ይችል ነበር። ክፉ ሐሳብ ያለው ሰው በመግቢያ ገጹ የተጠቃሚ ስም በሚጻፍበት ሳጥን ውስጥ ያችን አንዲት መስመር ቢጽፍ፣ ያ ስምም ቢመዘገብ፣ ሰርቨሩ በእጁ ሊገባ ይችላል። የአደገኛነቱ መለኪያ ከ10 ሙሉ 10 ነበር። በዚያው ወር ውስጥ ከ2.15.0 እስከ 2.17.1 ማሻሻያዎች በተከታታይ ወጡ።

ያን ጊዜ ብዙዎችን እንቅልፍ የነሣቸው ማሻሻያውን መጫኑ አልነበረም። ጭንቀታቸው ፓኬጁ በየትኛው ሥርዓታቸው ውስጥ እንዳለ አለማወቃቸው ነበር። አንዱ ፓኬጅ ሌላውን፣ ያም ሌላውን ይዞ ስለሚገባ፣ ስሙን ሰምተውት ለማያውቁት ነገር መልስ እንዲሰጡ ተገደዱ። ዕዳ ከሜዳ ማለት ይህ ነው።

ከዚያ ቀደም ብሎ በ2017 እ.ኤ.አ. ኢክዊፋክስ በተባለው የአሜሪካ የብድር መረጃ ኩባንያ ላይ የደረሰው ደግሞ ሌላውን ገጽታ ያሳያል። ኩባንያው አፓቺ ስትራትስ የተባለውን የድረ ገጽ መሥሪያ ማዕቀፍ ይጠቀም ነበር። የክፍተቱ መድፈኛ በማርች ወጣ፤ ሰርጎ ገቦቹ የገቡት በሜይ ነው። በመካከሉ ሁለት ወር ነበረ። መድኃኒቱ በነፃ ቀርቦ ሳለ ሳይወሰድ ቀርቶ፣ የ147 ሚሊዮን ያህል ሰዎች የግል መረጃ ወጣ። ይህን ስሰማ ሁልጊዜ የማስበው ስለ ኩባንያው አይደለም፤ ስማቸውና የልደት ቀናቸው ስለወጣባቸው፣ ስትራትስ የሚባል ነገር መኖሩን እንኳ ስለማያውቁት ሰዎች ነው። የእኛም ሥርዓቶች የገበሬዎችን፣ የታካሚዎችን፣ የተማሪዎችን ስም ይዘዋል።

ሁለተኛው ነጥቤ የማዘግየት ዋጋ ነው። «እየሠራ ያለን ነገር ለምን እንነካካዋለን?» የሚለውን ክርክር ከብዙ ጎበዝ ባለሙያዎች ሰምቻለሁ፤ አልንቀውምም፤ አዲስ ስሪት አዲስ ችግር ይዞ ሊመጣ እንደሚችል እኔም አውቃለሁ። ነገር ግን እኛ ሥርዓቱን ባንነካው ዙሪያው ይነካዋል። ሰርቨሩ ያረጃል፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ይቀየራል፣ የባንኩ ወይም የክፍያው አገናኝ አሮጌውን የምስጠራ ዘዴ መቀበል ያቆማል። ያን ቀን መንካታችን አይቀርም፤ የምንነካው ግን ተጣድፈን፣ ሰው በር ላይ ቆሞ እየጠበቀን ነው።

በጎጃም ውስጥ የሚገኝ አንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር ሰርቨሩ ተቃጥሎበት ቡድናችንን ጠራ። የመረጃው መጠባበቂያ ቅጂ ስለነበረ የአባላቱ ሒሳብ አልጠፋም። ሥርዓቱ ግን የተጻፈው ፓይተን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ በ2.7 ስሪቱ እና በፓይተን ድረ ገጽ በሚሠራበት ማዕቀፍ በጃንጎ 1.11 ነበር፤ ከተሠራ ጀምሮም ማንም አላደሰውም። አዲሱ ሰርቨር ላይ የተጫነው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ዴብያን 12 ነው፤ በዴብያን 12 ላይ ደግሞ ፓይተን 2 ጨርሶ የለም። ፓይተን 3 የወጣው እ.ኤ.አ. በ2008 መጨረሻ ነው፤ የፓይተን 2 ድጋፍ ያበቃው ጃንዋሪ 1 ቀን 2020 ነው። ለመሻገር ዐሥራ አንድ ዓመት ተሰጥቶ ነበር ማለት ነው። ለጊዜው አባላቱ ገንዘባቸውን ማውጣት እንዲችሉ አሮጌውን ከሚያስፈልገው ነገር ሁሉ ጋር በኮንቴይነር፣ ማለትም ከቀረው ሰርቨር በተለየ ዝግ ክፍል ውስጥ አድርገን አስነሣነው፤ ከዚያ በኋላ ግን ደረጃ በደረጃ መውጣት ነበረብን፦ መጀመሪያ እዚያው 1.11 ላይ ሆነን ወደ ፓይተን 3፣ ቀጥሎ ወደ ጃንጎ 2.2፣ ከዚያ ወደ 3.2፣ ከዚያ ወደ 4.2።

ከዚያ ሥራ ሁለት ነገሮችን ብቻ ቀረብ አድርጌ ላሳያችሁ። በፓይተን 2 ውስጥ 7ን ለ2 ብታካፍሉ 3 ይሰጣችኋል፤ ቀሪው ይጣላል። በፓይተን 3 ደግሞ 3.5 ይሰጣችኋል። ስሕተት መኖሩን የሚናገር መልእክት አይወጣም፤ ፕሮግራሙ ዝም ብሎ ሌላ ቁጥር ያወጣል። ይህች ማካፈል በወለድ ስሌት ውስጥ ብትገኝስ? ተገኝታለች። የቀድሞው ፕሮግራመር ቀሪው እንደሚጣል አውቆ፣ በዚያ ላይ ተመሥርቶ ነበር የጻፈው። ስለዚህ በኮዱ ውስጥ ያለችውን እያንዳንዷን የማካፈያ ምልክት እየፈለግን፣ ከማኅበሩ ሒሳብ ሠራተኛ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ በደብተር ላይ የተጻፈውን ወለድ አዲሱ ሥርዓት ካወጣው ጋር አመሳከርን። የፕሮግራም ሥራ የሚመስለው ነገር አብዛኛው የሒሳብ ምርመራ ሆነ።

ሁለተኛው የራሳችን ፊደል ነው። ኮምፒውተር ፊደላትን በሚያስቀምጥበት በዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። በፓይተን 2 ‹አበበ› የሚለው ስም እንደ ተራ ጽሑፍ ሲቀመጥ ባይቱ ስለሚቆጠር ርዝመቱ 9 ነው፤ በፓይተን 3 ፊደሉ ስለሚቆጠር ርዝመቱ 3 ነው። በቁጠባ ደብተሩ ላይ ስም የሚያትመው ክፍል ስሙን 45 ላይ እንዲቆርጥ ታዝዞ ነበር፤ ያም 15 ፊደል ገደማ ነው፤ በደብተሩ ላይ የተተወለትም ቦታ ለዚያው የሚበቃ ነው። ወደ ፓይተን 3 ስንሻገር ያው 45 ቁጥር 45 ፊደል መፍቀድ ጀመረ፤ የወልደ ገብርኤልና የእኅተ ማርያም ስም ከአባትና ከአያት ስም ጋር ሲታተም ከመስመሩ አልፎ በቀሪ ሒሳቡ ቁጥር ላይ ዐረፈ። ይህን ያገኘነው በሙከራ ኅትመት ነው፤ በባለ ደብተሩ እጅ ቢገባ ኖሮ ማኅበሩ በአባላቱ ዘንድ ያለው እምነት ይጎዳ ነበር።

እነዚህ ሁለቱ በየጊዜው እየታደሱ ቢመጡ ኖሮ እያንዳንዳቸው የአንድ ከሰዓት ሥራ ነበሩ። አስቸጋሪ ያደረጋቸው አብረው መምጣታቸው ነው። አንድ ነገር ሲበላሽ ከፓይተኑ ይሁን፣ ከጃንጎ ይሁን፣ ከመረጃ ቋቱ ማገናኛ ይሁን መለየት አይቻልም፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ተለውጠዋልና። ጃንጎ አንድን ነገር ከማስወገዱ በፊት አስቀድሞ ያስጠነቅቃል፤ ለምሳሌ የገጾችን አድራሻ ለማሰናዳት ያገለግል የነበረው ‹ዩአርኤል› የተባለው ትእዛዝ በ3.1 ማስጠንቀቂያ ወጣበት፣ በ4.0 ተወገደ። ማስጠንቀቂያው የሚጠቅመው ግን በመካከሉ ባሉት ስሪቶች ላይ ለሚያልፍ ሰው ነው፤ ከላይ ዘሎ ለሚመጣ ማስጠንቀቂያው አይደርሰውም፣ የሚደርሰው ውድቀቱ ነው።

እኔ ያደግሁት በይልማና ዴንሳ ነው፤ ከመካከላችሁም ጤፍ ያላረመ ብዙ ሰው ያለ አይመስለኝም። አረሙ ገና ለጋ ሳለ በሁለት ጣት ይወጣል፤ ሥር ሰድዶ ከጤፉ ሥር ጋር ከተያያዘ በኋላ ግን እርሱን ስትነቅሉ ጤፉም አብሮ ይነሣል። ለዚህ ነው አባቶቻችን ክረምቱ ቢጨቀይም የአረም ጊዜን የማያሳልፉት።

ሦስተኛው ነጥቤ አሠራር ነው። እንዴት እናድርገው?

በመጀመሪያ ሎክ ፋይላችሁን፣ ማለትም የፓኬጆቹ ስሪት የሚመዘገብበትን ፋይል፣ የኮድ ለውጥን እየመዘገበ ወደሚያስቀምጠው ወደ ጊት አስገቡ። ይህን የምለው ሎክ ፋይሉ ‹አላስፈላጊ› ተብሎ ከጊት ውጪ የተደረገባቸው ፕሮጀክቶች በተደጋጋሚ ስላጋጠሙኝ ነው። በፕሮጀክቱ ዝርዝር ላይ ከስሪቱ ቁጥር ፊት የምትታየው ^ ምልክት፣ 1.4.2 ብላችሁ ብትጽፉም 2.0.0 እስኪደርስ ድረስ ያለውን ማንኛውንም አዲስ ስሪት እንዲያመጣ የጃቫስክሪፕት ፓኬጆችን ለሚጭነው ለኤንፒኤም ትፈቅድለታለች። ስለዚህ ሎክ ፋይል ከሌለ ዛሬ በእናንተ ኮምፒውተር ላይ የተጫነውና ነገ በሰርቨሩ ላይ የሚጫነው አንድ ላይሆን ይችላል። ሎክ ፋይሉ እያንዳንዱን ፓኬጅ በትክክለኛ ስሪቱና በይዘቱ አሻራ ይመዘግባል። በሰርቨር ላይ ስትጭኑ ‹ኤንፒኤም ኢንስቶል› ከማለት ‹ኤንፒኤም ሲአይ› በሉ፤ ይህ ትእዛዝ በሎክ ፋይሉ ላይ ያለውን ብቻ ይጭናል፣ ዝርዝሩና ሎክ ፋይሉ ካልተስማሙም ይቆማል። በሌሎች ቋንቋዎች የሚያገለግሉት ኮምፖዘርም፣ ፍላተርም፣ ፖየትሪም የየራሳቸው ሎክ ፋይል አላቸው።

ቀጥሎ ቀን ቁረጡለት። በእኛ ቡድን ማክሰኞ ጠዋት ነው። ያረጁትን ፓኬጆች የሚዘረዝረውን ትእዛዝ እናስኬዳለን፤ የመጨረሻው ቁጥር ብቻ የተለወጠባቸውን፣ ማለትም ጥቃቅን ጥገናዎችን፣ ባንድ ላይ እናነሣለን፤ መካከለኛው ቁጥር የተለወጠባቸውን በቡድን በቡድን እናያለን፤ የመጀመሪያው ቁጥር የተለወጠበትን ግን አንድ በአንድ፣ እያንዳንዱን በራሱ ቅርንጫፍ ላይ፣ የለውጥ ማስታወሻውን ከላይ እስከ ታች አንብበን ነው የምናነሣው። ቁጥሩን ብቻ አትመኑ። የቁጥሮቹ ትርጉም በጸሐፊዎቹ መልካም ፈቃድ የሚጠበቅ ስምምነት ነው፤ ጃንጎን የመሰሉ ትልልቅ ፕሮጀክቶችም ስሪታቸውን የሚቆጥሩበት የራሳቸው ልማድ አላቸው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ምንም ነገር ወደ ሰርቨር አናወጣም።

«ቴስት፣ ማለትም ኮዱ በትክክል መሥራቱን የሚፈትሽ ፕሮግራም፣ የለንም፤ እንዴት እናድስ?» የሚል ጥያቄ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ሁሉንም የሚሸፍን ቴስት እስክትጽፉ አትጠብቁ። ገንዘብን፣ ቀንንና ስምን ከሚነኩት መንገዶች ጀምሩ። በዚያ ማኅበር ሥርዓት ላይ የወለዱን ስሌት የሚፈትሹ ጥቂት ቴስቶች አስቀድመው ቢኖሩ ኖሮ የማካፈያው ጉዳይ በደቂቃ ይታይ ነበር። እንደ ዲፔንዳቦትና ሪኖቬት ያሉት መሣሪያዎች አዲስ ስሪት ሲወጣ ራሳቸው የለውጥ ጥያቄ ይከፍቱላችኋል፤ ተጠቀሙባቸው፤ ነገር ግን ጥያቄዎቹ በቡድን እንዲመጡ አዘጋጇቸው። ማንም የማያነበው ረጅም ሰልፍ ከተጠራቀመ መሣሪያው እንደሌለ ይቆጠራል።

አራተኛው ነጥቤ ስለ ችኮላ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እ.ኤ.አ. ማርች 29 ቀን 2024 አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ በሊኑክስ ላይ ፋይል የሚያምቀው የኤክስዚ ፓኬጅ በ5.6.0 እና በ5.6.1 ስሪቶቹ ውስጥ ሆን ተብሎ የተቀበረ የኋላ በር፣ ማለትም ድብቅ መግቢያ፣ እንዳለው ለዓለም አሳወቀ። የተጠራጠረው ከርቀት ወደ ኮምፒውተር መግባት ከወትሮው በግማሽ ሰከንድ ያህል በመዘግየቱ ነው። በሩን የቀበረው ሰው ለረጅም ጊዜ በጎ አድራጊ መስሎ እየሠራ፣ ፓኬጁን የሚንከባከበውን የጠባቂውን እምነት ያተረፈ ነበር። በሴፕቴምበር 2025 ደግሞ እንደ ቾክና ዲበግ ያሉ እጅግ የተስፋፉ የኤንፒኤም ፓኬጆች ጠባቂ በሐሰተኛ ኢሜይል ተታሎ መለያው ተወሰደ፤ በስሙም የተመረዙ ስሪቶች ወጡ። በሰዓታት ውስጥ ተወገዱ፤ በእነዚያ ሰዓታት የጫነ ግን ጭኗል።

ታዲያ ይህ «አናድስ» ለሚሉት ወገኖች ማስረጃ ይሆናል? አይሆንም። የሚያሳየን በመዘግየትና በመቸኮል መካከል ቦታ መኖሩን ነው። እኛ ከወጣ አንድ ሳምንት ያልሞላውን ስሪት አንጭንም፤ ሪኖቬትም፣ የኤንፒኤም አማራጭ የሆነው ፒኤንፒኤምም ይህን ዕድሜ በቅንብራቸው ላይ እንድታስቀምጡ ያስችላሉ። የታወቀ የደኅንነት ክፍተት የሚደፍን ጥገና ሲሆን ግን ሳምንት አንጠብቅም፤ ማስታወሻውን አንብበን፣ ቴስቱን አስኬደን፣ በዚያው ቀን እናወጣዋለን። ለእነዚህ ሁለቱ አንድ ዓይነት ሕግ ማውጣት ትልቅ ጉዳት አለው።

አምስተኛው፣ አስቀድማችሁ ምረጡ፤ ያላስገባችኋትን ፓኬጅ ማደስ አይጠበቅባችሁም፤ የማታስፈልጋችሁን ባታስገቧት ነው የሚሻለው። በማርች 2016 እ.ኤ.አ. ‹ሌፍት ፓድ› የተባለች 11 መስመር ብቻ ያላት ፓኬጅ በጸሐፊዋ ከኤንፒኤም በመነሣቷ በዓለም ዙሪያ ብዙ ፕሮጀክቶች መገንባት አቅቷቸው ነበር።

ወደ እኛ ቤት የሚቀርብ ምሳሌ አለኝ። ለአንድ ክሊኒክ የቀጠሮ ሥርዓት ስንሠራ የፈረንጅን ቀን ወደ እኛ አቆጣጠር የሚቀይር፣ በነፃ የሚገኝ ፓኬጅ እንጠቀም ነበር። በ2015 ዓ.ም. ሰኔ ላይ የቀን ቴስቶችን ስንጽፍ ጳጉሜን 6 ቀን 2015ን «የሌለ ቀን» ብሎ መለሰልን። ዓመቱ ዘመነ ሉቃስ ነው፤ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ጳጉሜን ስድስት እንደምትሆን ባሕረ ሐሳብ የቀመሰ የአብነት ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ከቀረ ጳጉሜን 6 ቀን አላት፤ የፓኬጁ ጸሐፊ ግን የፈረንጁን ዓመት ደንብ በእኛው ዓመት ላይ አውሎት ነበር። እርማቱን ጽፈን ላክንለት፤ መልስ አልመጣም፤ ፓኬጁ ከተነካ ዓመታት አልፈውት ነበር። ፈቃዱ ስለሚፈቅድልን የምንፈልገውን ክፍል ብቻ ወደ ራሳችን ኮድ አምጥተን፣ አርመን፣ ከነቴስቱ አስቀመጥነው። ያችን ፓኬጅ ስንመርጥ ልናያቸው የሚገቡን ነገሮች ዛሬ ለእናንተም የሚጠቅሙ ናቸው፦ መጨረሻ የተነካችው መቼ ነው? ለቀረቡላት ችግሮች መልስ የሚሰጥ ሰው አለ? ከአንድ በላይ ጠባቂ አላት? ጳጉሜን 6 ተመልሳ የምትመጣው በ2019 ዓ.ም. መጨረሻ ነው፤ ቀን የሚቀይር ሥርዓት ያላችሁ ሁሉ እስከዚያ ፈትሹት።

ስድስተኛውና የመጨረሻው ነጥቤ የእኛን የራሳችንን ሁኔታ ይመለከታል። በክልላችን ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር የምታውቁት ነው። ፓኬጅ ሁሉ ከውጭ ማከማቻ በቀጥታ እንደሚመጣ አድርገን የምንሠራ ከሆነ፣ መስመር በጠፋ ቁጥር ማደስ ቀርቶ ያለውን እንደገና መጫን እንኳ አንችልም። ለኤንፒኤም ቨርዳቺዮ፣ ለፓይተን ዴቭፒ የሚባሉ መሣሪያዎች አሉ፤ በቢሮ ውስጥ ባለ አንድ ተራ ኮምፒውተር ላይ ይጫናሉ፤ አንድ ጊዜ የወረደን ፓኬጅ ያስቀሩታል፤ ከዚያ በኋላ ሌላው ባልደረባ የሚወስደው ከዚያው ነው። ለኢንተርኔት ጥቅል የሚወጣውን ገንዘብም ይቆጥባሉ። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ለተማሪዎቻቸው ይህን ቢያቆሙ ትልቅ ውለታ ነው።

ከዚህም የሚከብደው ግን ውላችን ነው። እኔ ያየኋቸው የሶፍትዌር ውሎች አብዛኞቹ በርክክብ ያበቃሉ። ሥርዓቱ ይመረቃል፣ የመጨረሻው ክፍያ ይለቀቃል፣ ባለሙያው ወደ ሌላ ሥራ ይሄዳል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፓኬጆቹን ማን ያድስ? ማንም። የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣ ይህን ጥያቄ ለእናንተ ነው የማቀርበው፤ ምክንያቱም የጨረታውን ሰነድ የምታዘጋጁት እናንተ ናችሁ። ለሕንፃ ጥገና በጀት ትይዛላችሁ፤ ለመኪና ሰርቪስ በጀት ትይዛላችሁ፤ ለሶፍትዌሩም ያዙለት። በሰነዱ ላይ እንዲገቡ የምጠይቃችሁ አራት ነገሮች ናቸው፦ ሙሉው ኮድ ከነሎክ ፋይሉ እንዲረከብ፤ በውስጡ ያሉት የውጭ ፓኬጆች ዝርዝር፣ ስሪታቸውና የድጋፋቸው ማብቂያ ቀን በሰንጠረዥ እንዲቀርብ፤ ቢያንስ በየሦስት ወሩ የሚደረግ እድሳት ለብቻው ዋጋ እንዲወጣለት፤ ከባድ የደኅንነት ክፍተት በታወቀ በስንት ቀን ውስጥ እንደሚደፈን በቁጥር እንዲጻፍ።

እናንተም ባለሙያዎች፣ ጨረታው ባይጠይቃችሁ እንኳ የእድሳቱን ዋጋ በራሳችሁ ሰነድ ላይ ለይታችሁ ጻፉት። በዋናው ዋጋ ውስጥ አትደብቁት፤ ከተደበቀ በድርድር ጊዜ መጀመሪያ የሚቆረጠው እርሱ ነው። ደንበኛው «ይህ ደግሞ ምንድን ነው?» ብሎ ሲጠይቃችሁ ሎክ ፋይሉን ከፍታችሁ አሳዩት፤ እያንዳንዱ መስመር የሌላ ሰው ሥራ እንደሆነ፣ የትኛው ድጋፉ መቼ እንደሚያበቃ አንድ በአንድ ንገሩት። እኔ ባደረግሁት ጊዜ የገባው ደንበኛ ካልገባው ይበዛል።

የአራቱን አንቀጾች ረቂቅ በወረቀት አባዝተን በር ላይ አስቀምጠናል፤ የሕግ ክፍላችሁ እንዲያየው ይዛችሁ ሂዱ። ስለ ትዕግሥታችሁ አመሰግናለሁ፤ አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።